ወዳጆቿ የገደሏት ወፍ

ወፍ እወዳለሁ የሚል ሁሉ ወፍ ይወዳል ማለት አይደለም። የከተማውን የወፍ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ብትጠይቁት ግን እንደ እሱ ያለ ወፍ ወዳድ ገና አልተፈጠረም። በሙያው ፋርማሲስት ነው። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ "ዕረፍት ያድርጉ፣ ምግብ ይብሉ" ሲል ይውላል። ቅጠል መርገፍ ጀምሮ፣ ብርድ የሚሸሹት ወፎች ወደ ሞቃት አገር ለመሻገር በከተማው ላይ ሲያልፉ ግን ሰውየው ሌላ ነው። ክንድ የሚያህል ሌንስ አንጠልጥሎ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያውን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ላየው ሰው ወደ ጦር ሜዳ የሚዘምት ይመስላል።

በዚያ ሰሞን ታላቅ እህቱ ዳሌዋን ተሰብራ ቤት ውላ ነበር። አልጋዋ መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የጋራው ግቢ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና አንድ ያልተከረከመ ቁጥቋጦ አለ። አንድ ጠዋት ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ፣ አውራ ጣት የምታህል ወፍ እዚያ ውስጥ አየች። ወፊቱ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ትል ትለቅማለች፤ ትንሽ ለቅማ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ታርፋለች። እህትየው ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሟን ረሳች። ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አማራትና ለወንድሟ ደወለች።

"ብቻህን ና እሺ? በጣም እንደደከማት ታስታውቃለች። ሰው እንዳታመጣብኝ።"

"እናቴ ትሙት፣ ብቻዬን ነው የምመጣው እትዬ።"

ስልኩን እንደዘጋ ወሬው ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ አለው። እህቱ እንደነገረችው ከሆነ በከተማው ታይታ የማታውቅ ወፍ ናት፤ ቀድሞ ያወጀ ደግሞ ስሙ ይነሳል። ለማኅበሩ አባላት ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ግቢው በካሜራ ማቆሚያ ተሞላ። የእህቱን ልብስ ከገመድ አውርደው አንድ ጥግ ቆለሉት፤ የፎቶውን ጀርባ ያበላሻላ!

ወፊቱ ተሸሽጋ አልወጣም አለች። ሊቀመንበሩ የታወቀበትን ጥበብ ያሳየው ይሄኔ ነው። ስልኩን አወጣና የዚያችኑ የወፍ ዘር ድምፅ ከፈተ። ወፊቱ የወገኗን ጥሪ ሰምታ ዘላ ወጣች፤ ዙሪያዋን ብታይ ማንም የለም። ካሜራዎቹ ተንጣጡ። ተመልሳ ገባች፤ እንደገና ከፈተ፤ እንደገና ወጣች። አንዱ ብርሃኑ አልተመቸኝም አለ፣ ሌላው እጄ ተንቀጠቀጠ አለ፤ ለሁሉም በየተራ ከፈተላቸው። እሷ ትል መልቀም ቀርቶ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ፋታ አጣች።

እህትየው መስኮቱን በምርኩዟ ደበደበች። "ኧረ ተዉአት! እስኪ ትብላ!"

"ማን ነካት እትዬ? ወዳ ነው የወጣችው።"

"ወዳ? አንተ ታመህ ተኝተህ፣ እናትህ መጣች እያሉ አሥሬ ከአልጋ ቢያወርዱህ ወደህ ነው የምትነሳው?"

አባላቱ ተሳሳቁ። "ሊቀመንበር፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ" አለች ዘግይታ የደረሰች አንዷ። ደገመላት።

ወፊቱ ወጥታ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች። "እየዘመረች ነው!" ብለው ተንጫጩ። ሁሉም አነሷት። ከዚያ ወደቀች፤ አልተነሳችም። ከወፍ ወዳዶቹ አንዱ ተጠግቶ የወደቀችውንም ፎቶ አነሳት። ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ፤ ልብሱን መልሶ ያሰጣ እንኳ የለም።

ሊቀመንበሩ እህቱ ዘንድ ገባ። "የተፈጥሮ ጉዳይ ነው እትዬ። በጉዞ ላይ ስንቱ ይሞታል።"

ቀና ብላም አላየችው። "ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ስትመጣ አልሞተችም። ምግቧ ሥር ነው የሞተችው። በእናታችን ምለህ ዋሸኸኝ። አንተ የምትወደው ወፍ አይደለም፤ አየሁ ማለትን ነው። ውጣልኝ።"

በማግስቱ፣ "የምትዘምር ወፍ" ብሎ በኢንተርኔት ለለጠፈው ፎቶ ምስጋና ጎረፈለት። ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ምስጋናውን እያነበበ ሳለ አንድ አስም ያለበት ደንበኛ ገባ። ሰውየው አፉን ከፍቶ፣ ትከሻውን ሰቅሎ፣ አየር እየለመነ ቆመ። ሊቀመንበሩ መድኃኒቱን ሰጥቶ ሸኘውና ወደ ፎቶው ተመለሰ። አስፍቶ አየው። አፏ እንደ ደንበኛው አፍ ተከፍቷል፤ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። መዝሙር አልነበረም።

ከፎቶው ሥር "ይህች ወፍ አልዘመረችም። ትንፋሽ አጥሯት ነው። የገደልኳት እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈ። ማኅበሩ የዚያኑ ዕለት ተሰበሰበ። ለወፊቱ መስሏችሁ ከሆነ ተሞኝታችኋል፤ ስማችንን አጠፋ ብለው ከሊቀመንበርነቱ ሊያወርዱት ነው። አወረዱትም።

እናንተ ሌንስ ያነገታችሁ ሁሉ፣ የደከመች መንገደኛ ስታገኙ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ራቅ በሉ። ባታዩዋት የሚቀርባችሁ ወሬ ነው።

ሰውየው ከሊቀመንበርነቱ መሻሩን ሊነግራት እህቱ ዘንድ ሄደ። ታዝንልኛለች ብሎ ነበር። "ጥፋትህን በማመንህ ደግ አደረግህ" አለችው በምርኩዟ ተደግፋ በሩን ገርበብ አድርጋ። "ግን ከእንግዲህ ደስ ያለኝን ነገር አልነግርህም።"