ዘጠነኛው መልስ

ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ደንቆሮ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። አርባ ዓመት ዶሮ ያረባሁ፣ የተበላሸ እንቁላል ጆሮዬ ሥር ነቅንቄ ብቻ የምለይ ሴትዮ ነኝ። አንድ ልጅ እግር መርማሪ ፊት ለፊቱ አስቀምጦኝ «እማማ፣ ምናልባት ረስተውት ይሆናል» አለኝ። ረስተውት! እኔ የሚረሳኝ ሰው እንጂ የምረሳው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

የጫጩት ማስፈልፈያው ባለቤት ከሞተ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላውም ነበር። ሬሳው ተነስቷል፤ እኛ የተቀመጥነው በራሱ ግቢ፣ በራሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ሺ ጊዜ» ነበር የሚለው። ጫጩት እያስፈለፈለ ይሸጣል። በስልክ ደግሞ ዶሮ አርቢዎች የሚጠያየቁበት፣ አርባ ሺህ ሰው ያለበት ቡድን መሥርቷል። እዚያ ቡድን ውስጥ በየቀኑ አዲስ ሰው ይገባል፤ አዲስ የገባውም ትናንት የገባው የጠየቀውን ይጠይቃል። «ጫጩቶቼ ለምን ያንቀላፋሉ?» «መብራት ሲጠፋ በምን ላሙቃቸው?» ሌላው ሰው ሲንጨረጨር እሱ «ሺ ጊዜ ጠይቁ፣ ሺ ጊዜ እመልሳለሁ» ይል ነበር። ስሙም ከዚያ ወጣ።

የሚያግዙት ሦስት አስተዳዳሪዎች አሉ። አንዱ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የማስፈልፈያውን ማሽን እሱ ነው የሚጠብቀው። ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጠው ባለ ሱቅ ነው። ሦስተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

እኔ አስተዳዳሪ አይደለሁም። እኔ ድምፅ ነኝ። የእህቴ ልጅ ጥያቄውን ታነብልኛለች፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትቀዳለች። ያው ጥያቄ ሲደጋገም ጊዜ መልሶቼን ቁጥር እየሰጡ አስቀመጧቸው። ጀማሪ ሲመጣ ቁጥሩን ይጫኑለታል፣ ድምፄ ይሄድለታል። መልሱ የሚወጣው በቡድኑ ስም ስለሆነ ከሦስቱ ማን እንዳስቀመጠው፣ ማን እንደነካካው አይታይም። ስለ ከሰል የሚናገረው ቁጥር ዘጠኝ ነው።

መርማሪው የሟቹን ስልክ አንስቶ ተጫነው። ድምፄ ወጣ።

«መብራት ከጠፋ ከሰል አቀጣጥላችሁ ጫጩቶቹ ያሉበት ክፍል አስገቡት። ሙቀቱን ይወዱታል።»

ቀጣዩን ጠበቅኩ። አልመጣም።

«የእርስዎ ድምፅ ነው?»

«ድምፁ የእኔ ነው። መልሱ ግን የእኔ አይደለም።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ጅራቱ ተቆርጧላ! እኔ ከዚያ ቀጥዬ በርና መስኮት ክፈቱ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው እንዳይተኛ፣ የከሰል መርዝ ሳይታይ ይገድላል እላለሁ። መጨረሻ ላይም ‹ሰምታችኋል? ደግሜ አልናገርም!› እላለሁ። በማግስቱ መድገሜ ባይቀርም።»

ያን ጊዜ ነው ረስተውት ይሆናል ያለኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦

«ሐኪሙ የከሰል መርዝ ነው የገደለው ብሏል። ስልኩ ላይ መጨረሻ የተከፈተው ይሄ መልስ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ አንዲት ጀማሪ ልጅ ይሄንኑ ሰምታ ከሰል አስገብታ፣ ጫጩት ሲጠብቅ ያደረ ታናሽ ወንድሟን ቀብራለች። ለሟቹ ጽፋለታለች፤ እዚህ አለ። እማማ፣ ሁለት ሰው ነው። ሊከሰሱ ይችላሉ።»

የቆጨኝ መከሰሱ አይደለም። ስንት ሰው ጫጩቱን ያተረፈበት ድምፄ የሰው ልጅ ገደለ መባሉ ነው።

«ክፍሉን አሳየኝ» አልኩት።

«ተመርምሮ አልቋል እኮ።»

«አንተ ነህ የጨረስከው፤ እኔ አልጀመርኩም።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተነሳ። ይህን ወደድኩለት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መሬት ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ውስጥ አመድ። ግድግዳው ሥር ሁለት የጫጩት ካርቶን እንደ ጡብ ተጣብቀው ተደርድረዋል፤ የአንዱ መተንፈሻ ቀዳዳ በሌላው ተደፍኗል። ክዳኑን ከፈትኩ። መቶ ቢጫ አንገት ወደ እኔ ተንጠራርቶ «ጪው!» አለኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አንድ የሞተ የለም፣ አንድ የደከመ የለም።

«እነዚህን ከሌላ ቦታ ያመጣ ሰው አለ?»

«የለም። ወንድምየው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሲከፍት እዚሁ ነበሩ። በርና መስኮቱም ዝግ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሊያሞቃቸው አስገብቷቸው እንቅልፍ ጥሎታል።»

ካርቶኖቹን አለያይቼ ቀዳዳቸውን ወደ ክፍሉ መለስኩና ወጣሁ።

ወንድምየው በረንዳው ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አይዞህ የኔ ልጅ። ምን ሰዓት ወጣህ?»

«መብራቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሄደ። ስምንት ሊሆን ሲል ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ፍለጋ ወጣሁ። እሱ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። ሻይ ያፈላሁበት ከሰል ግቢው ውስጥ ነበር።»

«ጫጩቶቹስ?»

«ማሽኑ ክፍል ነበሩ፤ ጠዋት ነው ካርቶን ውስጥ ያስገባኋቸው። እማማ፣ እሱ እኮ በር ቢሰበር አይነቃም። ጫጩት ከጮኸች ግን ብድግ ነው! እንዴት ሁለት መቶ ጫጩት አጠገቡ እየጮኸ ይተኛል?»

«ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ! ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ነው። ‹የራስህ እንቁላል እየተቃጠለ የሰው ጫጩት ታስታምማለህ› እለው ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው።»

ባለ መድኃኒቱ ዘንድ ተሻገርኩ። መርማሪው ከኋላዬ ይከተላል፤ ደብተሩን አውጥቷል።

«እኔን ጠርጥረው ነው የመጡት?» አለ ባለ መድኃኒቱ።

«ጀማሪ መስደብህን የማያውቅ የለም።»

«ታዲያ አያሳብድም? ከላይ ተጽፎለት እያለ ይጠይቃል! ‹ዓይን ከሌለህ ዶሮህ ታንብብልህ› ብዬ መለስኩለት። ‹ሺ ጊዜ› ሳምንት ሙሉ ከመመለስ አገደኝ፤ በአርባ ሺህ ሰው ፊት። ተናድጄ ነበር። ግን ሰው አልገድልም፣ እማማ። የምሸጠው መድኃኒት ነው።»

«ከስምንት ሰዓት በኋላ ማን ገባ?»

ዓይኑን ሰበረ።

«የእርስዎ ልጅ። እንቁላል ይዛ። ስትወጣ አላየሁም።»

እንቁላሉን ይዛ እንድትሄድ የላክኋት እኔ ነኝ። ለሚፈለፈል እንቁላል ከእሱ ሌላ አላምንም ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆይታ ስትመለስ «ታክሲ አጥቼ» አለችኝ፤ እኔም ውሃ አቀረብኩላት።

ቤት ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እንቁላሉን የት አደረግሽው?»

«በረንዳው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አክስቴ፣ መርማሪው ምን አለሽ?»

«መልስሽ ነው የገደለው አለኝ።»

«አይዞሽ» አለች፣ እጄን ይዛ። «ባረጀ ሰው ላይ አይጨክኑም።»

አላደረግሽም አላለችኝም። ጅራቱን እኮ ታውቀዋለች! እያንዳንዱን መልስ ስልኩን አፌ ሥር ደግና የቀዳችው እሷ ናት። «ደግሜ አልናገርም» ባልኩ ቁጥር የምትስቀው እሷ ናት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው የሚባለው ለካ ይሄ ነው። እጇን እጄ ላይ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪው ሦስቱንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰባቸው። ጠዋት በሩ ላይ ይዤው «አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃቸው» ብዬው ነበር። ባለ መድኃኒቱ በሩን ተደግፏል፣ ወንድምየው ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፣ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ናት።

«ዛሬ እኔ ጀማሪ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ወደ ቡድኑ የገባሁ፣ ምንም የማላውቅ። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ጫጩቶች አሉ፣ እኔም አለሁ። አየሩ መመረዙን በምን አውቃለሁ? አንቺ ጀምሪ፤ አንቺ ፈጣን ነሽ።»

«አክስቴ ደግሞ! መጀመሪያ ራስ ምታት ይጀምራል፣ ከዚያ ማጥወልወል፣ ከዚያ ጉልበት ማጣት። ያን ጊዜ ወዲያው መውጣት ነው።»

«ጫጩቶቹስ?»

«ጫጩቶቹማ… እነሱ ሙቀት ላይ ናቸው።»

ባለ መድኃኒቱ ጀርባውን ከበሩ አላቀቀ። ወንድምየው ቀና ብሎ አያት።

«አንተ መልስ» አልኩት ወንድምየውን።

«ይሄ ምን ይጠየቃል፣ እማማ? ጫጩቶቹ ዝም ይላሉ። ክንፋቸው ይወድቃል። አንቺን ራስሽን ሳያምሽ እነሱ ረግፈው ያልቃሉ።»

«ባለ መድኃኒትስ?»

«ያው ነው። ከሰው ቀድሞ የሚሞተው ጫጩት ነው። ዶሮ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ጽፈነው እንኳ አናውቅም።»

«ሰማህ፣ መርማሪ?» አልኩት። «ሰውዬው በከሰል ሞተ፤ ሐኪም ተናገረ፣ አልከራከርም። ግን ሰው የገደለ አየር ውስጥ ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩት ቁጭ ብሎ አልጠበቀኝም። ስለዚህ እሱ ሲሞት ጫጩቶቹ እዚያ አልነበሩም። ቢኖሩማ ጩኸታቸው ይቀሰቅሰው ነበር፤ ይህን ልማዱን ሁላችንም እናውቃለን። የገባ ሰው ግቢ ውስጥ ያለውን ከሰል አስገብቶ፣ መስኮት ዘግቶ ወጥቷል። ሲያልቅ ተመልሶ ክፍሉን አናፈሰ፤ ለራሱ ነፍስ ፈርቶ። ከዚያ ጫጩቶቹን አስገብቶ መልሶ ዘጋ፣ ሰውዬው ሊያሞቃቸው ብሎ የሞተ እንዲመስል። ካርቶኖቹን አጣብቆ ቀዳዳቸውን ደፈነ። ወንድምየው በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ ባለ መድኃኒቱም ቢሆን። ጫጩት የሚያውቅ ሰው ይህን አይሠራም። ይህን የሠራው መልሱን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ ጫጩት ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው።»

ወደ እህቴ ልጅ ዞርኩ።

«እኔ ቤት አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ» አልኩ። «ላባው ያስነጥሰኛል እያለች ዶሮ ቤት ደጃፍ ላይ አፍንጫዋን ይዛ እንቁላል የምትቀበለኝ። ትማር እንጂ ዶሮ ምን ያደርግላታል ብዬ አንድ ቀን አላስገደድኳትም።»

«አክስቴ…»

«ጅራቱን ማን ቆረጠው?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መርማሪው አልተንቀሳቀሰም፤ መጠበቅ የሚያውቅ ልጅ ነው።

«ረጅም ነበር» አለች በመጨረሻ። «መልሶችሽ ሁሉ ረጅም ናቸው። ጀማሪ ግማሹን ሰምቶ ይዘጋና ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። በቀን መቶ ጊዜ፣ አክስቴ! ሰለቸኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን አሳጠርኳቸው። ዘጠነኛውን መልሼ አላዳመጥኩትም።»

«ከዚያ ልጁ ሞተ።»

«‹ሺ ጊዜ› ዋናው ቅጂ ስልኩ ላይ ነበረው። አስተያየው። ‹የምትቀጂው አንቺ ነሽ፣ የቆረጥሽውም አንቺ ነሽ፤ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሁሉም እናገራለሁ፣ ይቅርታም እንጠይቃለን› አለኝ። ልለምነው ነበር የሄድኩት። ተኝቶ አገኘሁት። ከሰሉ በሩ ላይ ነበር…»

ወንድምየው ተነሳ። ባለ መድኃኒቱ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ዋናውን ቅጂ አጠፋሽ» አለ መርማሪው። «አጭሩን ከፍተሽ ተውሽው።»

«አዎ።»

«የልጅቷን መልእክትስ ለምን አላጠፋሽውም?»

የመለስኩለት እኔ ነኝ።

«መልእክቱ እኔን ነዋ የሚከሰው። ልጅቷ ሰማሁ ያለችውም፣ ስልኩ ላይ የቀረውም የእኔ ድምፅ ነው።» ወደ እሷ ዞርኩ። «የምታሳብቢበት የባለ መድኃኒቱን መልስ አጥተሽ ነው? የወንድምየውንስ? ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደገሽ ድምፅ ነው ያገኘሽው?»

«ምንም አያደርጉሽም ብዬ ነው!» ጮኸች። «አርጅተሻል፣ አልተማርሽም። ሳታውቅ ነው ብለው ይተዉሻል ብዬ ነው። እኔን ግን አይተዉኝም፣ አክስቴ። እኔ ተምሬያለሁ።»

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ደንቆሮ ብሎኛል። ገበያ ላይ ብለውኛል፣ ቢሮ ውስጥ ብለውኛል፤ ትናንት መርማሪውም በጨዋ አፍ ብሎኛል። አንዱንም ቤቴ ይዤው ገብቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን ቤቴ ውስጥ ነበር ያደገው። እኔው ነኝ ያበላሁት።

መርማሪው እጁን ክንዷ ላይ አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አለኝ። «ተሳስቼ ነበር።»

«ያንተን በኋላ እናየዋለን። አሁን እንዳትወስዳት።»

ከጠረጴዛው ላይ የሟቹን ስልክ አንስቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ልትመልስልኝ ሞከረች፤ ጣቶቿን አጠፍኩበት።

«አክስቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«እኔን ተዪኝ። ያቺን ወንድሟን የቀበረችውን ልጅ ፈልጊ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ገደልኩት እያለች ነው የምትተኛው። ደውዪላት። አትጻፊላት፣ ቁጥር አትላኪላት፣ የእኔን ድምፅ እንዳትነኪ። ማን ቆርጦት እንደነበረ፣ እሷ ጥፋት እንደሌለባት በራስሽ አፍ ንገሪያት። ብታለቅስ እንዳትዘጊባት፤ የምትጠይቅሽን ሁሉ እስከ መጨረሻው መልሺላት። ደውዪ፣ አሁን፣ እዚህ እኔ ፊት።»