ከጎኔ ያለው ወንበር

ክላይቭን ያወቅሁት ቁጭ በል ብዬው እምቢ ስላለኝ ነው።

ያኔ ለንደን ውስጥ ቴአትር ቤት ተቀጥሬ ተመልካቹን ወደየወንበሩ እመራ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ አይስክሬም እሸጣለሁ። የአንድ አዲስ ቴአትር መክፈቻ ምሽት ላይ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ጥፍሩን እየበላ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት።

«ጌታዬ፣ መጋረጃው ሊከፈት ነው፤ እባክዎ ይቀመጡ።»

«አልችልም።»

«ወንበር የለዎትም?»

«ወንበሮቹ ሁሉ የእኔ ናቸው። ፕሮዲዩሰሩ እኔ ነኝ» አለኝ። «የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም፤ ያስመልሰኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ደንግጦ አየኝና እሱም ሳቀ። በእረፍት ሰዓት አይስክሬም በነጻ ሰጠሁት፤ እኔን ሲያይ እጁ ላይ ቀልጦ አለቀ። በዓመቱ ተጋባን።

ፕሮዲዩሰር አገባሁ ስትሉ ሰው በሻምፓኝ የምትታጠቡ ይመስለዋል። የእኔው ባል ደራሲውን ሲለማመጥ፣ ያኮረፈች ተዋናይት ሲያባብል፣ ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ምሳ ሲጋብዝ ይውላል። ፊልም መሥራት ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ ጠፋብኝ።

በየመክፈቻው ምሽት «ዛሬስ ካንቺ ጋር እቀመጣለሁ» ይለኛል። አምሬ እሄዳለሁ፤ ሰባተኛው ረድፍ መሀል እቀመጣለሁ። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ከጎኔ የሚመጣው ግን ለሚቀጥለው ሥራ ገንዘብ ያወጣል የተባለ ሰው ነው። አንዱ የባንክ ኃላፊ እስከ መጨረሻው አንኮራፍቶብኛል። ዞር ስል ክላይቭ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የሚያየው መድረኩን ነው። በእኔ የሚያፍር ይመስለኝ ነበር። አይስክሬም ሻጭ አይደለሁ?

እንዲህ እንዲህ እያልን ሸበትን። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ዳቦው ላይ ቅቤ ሲቀባ አየሁትና ድካም ተሰማኝ፤ በእንቅልፍ የማይለቅ ዓይነት ድካም።

«ክላይቭ፣ ደክሞኛል።»

«ማን ያልደከመው አለ፣ ቤሪልዬ?»

«በሐሙሱ መክፈቻ ከጎኔ ካልተቀመጥክ አርብ ማርጌት ከተማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ለጉብኝት አይደለም።»

ቢላዋው ቆመ። «ለአንድ ወንበር ብለሽ?»

«ለአንድ ወንበር ብዬ።»

ሐሙስ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ የቤታችን በር አጠገብ ትቼ ወደ ቴአትር ቤቱ ሄድኩ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም። ዞር ስል ክላይቭ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ቆሟል። ለካ ዘንድሮ ወንበሩን የሚሰጠው ሰው እንኳ አጥቷል! ባለገንዘቦቹ ወደ ወጣቶቹ ሄደዋል። አንጀቴን በላኝ፤ ንዴቴም ባሰብኝ። ተነሥቼ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ምን ሆነሻል? ሰባተኛው ረድፍ መሀሉ ባዶ እኮ ሆነ! ሐያሲዎቹ ከኋላው ናቸው። ሂጂ ተቀመጪ!»

«ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም» አልኩት።

ዓይኑ እነዚያ ሁለት ባዶ ወንበሮች ላይ ነው። በኋላ ሳያየኝ ተናገረ።

«እዚህ የምቆመው ሥራው ሲወድቅ ፊቴን እንዳታዪው ብዬ ነው። ያን የመጀመሪያ ምሽት ስትስቂልኝ ትልቅ ሰው መስዬሽ ነበር።»

«አንተ ሞኝ! ፊትህን በማግስቱ ቁርስ ላይ ስንት ዓመት አየሁት እኮ!»

መብራቱ መደብዘዝ ጀመረ። እጄን ያዘኝና በሰው ጉልበት መካከል እየተጋፋን፣ ይቅርታ እየጠየቅን፣ አንድ ሁለቴም እየተረገምን ገባን። ተቀመጠ። ሊነሣ ይቃጣዋል። ጉልበቱ ላይ እጄን አኖርኩለት፤ ቀስ በቀስ ረገበ። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ተኝቷል።

እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ለእረፍት እንኳ አልተነሣሁም። ቴአትሩን አላየሁትም፤ እሱን ነው ያየሁት። መጨረሻ ላይ ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር፤ ወዲያው አለቀ። መጋረጃው ወረደ፤ ሰዉ ካፖርቱን እየለበሰ በዝምታ መውጣት ጀመረ።

ክላይቭ ዓይኑን ሳይገልጥ ተንቀሳቀሰ።

«ወደዱት?»

«ገና አላለቀም» አልኩት። «ተኛ።»