ባለጨረቃዋ ሰዓት

እጇን ከተጠላለፈው የሽቦ ክምር ስር ስትሰድ ጣቷ ቀዝቃዛና ክብ ነገር ነካ። መስታወት ነው። አልጎተተችውም። አሮጌ ዕቃ የሚፈልግ ሰው አይቸኩልም፤ ቸኩሎ የጎተተ ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራል። ዓይኗን ጨፍና ዙሪያውን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው። ከላይ ሾጠጥ ያለ እንጨት፣ ከታች አራት ትንንሽ እግሮች፣ ከጀርባው የመሙያ ቀዳዳ። የጠረጴዛ ሰዓት መሆኑን ሳታየው አወቀች።

«ሙዚየም፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆፍሪ ነው?» አለ ሻጩ፣ ከሚያነበው የዓምና ጋዜጣ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ሙዚየም ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። እርሳሷን የምትይዘው በአሮጌ የካሜራ ቦርሳ ነው፤ አንገቷ ላይ ደግሞ የምን በር እንደሚከፍት የማይታወቅ ቁልፍ አንጠልጥላለች። ስሙ ከክፍል ወጥቶ ሰፈር ደረሰ፣ ከሰፈር ገበያ ገባ፤ እሷም ለመደችው።

የቅዳሜው ገበያ የሚዘረጋው ድሮ አውቶብሶች ያድሩበት በነበረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። የማቆሚያ ቁጥሮቹ አስፋልቱ ላይ ደብዝዘው አሁንም ይታያሉ። ሻጮቹ በየቁጥሩ ላይ አንሶላ ያነጥፉና ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የማያውቁት ሰው የሰርግ ፎቶ ይደረድራሉ። ሙዚየም እዚህ ግቢ ስትገባ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስላትም። ማንቆርቆሪያውን ስታይ ስንት ሰው ተጣልቶ በሱ ሻይ እንደታረቀ ታስባለች። ጫማውን ስታይ ሌላኛው እግር አሁን የት እየሄደ ይሆን ትላለች። ጓደኞቿ «ጀመራት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይጀምራታል።

ሽቦውን ቀስ ብላ ፈልቅቃ ሰዓቷን አወጣቻት። በሹራቧ እጅጌ አቧራውን ስትጠርግላት ክሬም ቀለም ያለው ፊቷ ብቅ አለ። ከአስራ ሁለት ቁጥር በላይ ቅስት የሆነች ትንሽ መስኮት አለች፤ ከመስኮቷ ኋላ ጥቁር ሰማያዊ ሰማይ፣ ሰማዩ ላይ የተሳለች ጨረቃ። ጨረቃዋ ግማሿ ወጥታ ግማሿ ተደብቃለች። ፊት አላት፤ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ ሳቋን የምታፍን ትመስላለች። እንዲህ ዓይነቱን ሰዓት ሙዚየም በወሬ እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሰዓቱ ሲሄድ ጨረቃዋም ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ትጓዛለች፤ ትሞላለች፣ ትጎድላለች።

ገልብጣ ጀርባዋን አየች። ነሐሱ ላይ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ተቀርጸዋል።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚህ ግቢ የሚልካት የሞቱ ሰዓቶችን እንድትለቅምለት ነው፤ ከሞተው የሚወጣው ማርሽና ብሎን ሌላውን ያድናል። ከሰባት ወር በፊት አንዲት አሮጊት ደወል ያለው ሰዓት በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው ሱቁ ይዘው መጡ። ሰዓቱን የሚያስኬደው የተጠቀለለ ብረት፣ ሞላው፣ በድንገት ፈንድቶ የመካከለኛውን ማርሽ ጥርሶች ጠራርጎ ወስዷቸዋል። ሰዓቱ ባለ ሁለት ዓሣ ምልክት ነው፤ የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል፤ ማርሹ የሚገኘው ከሌላ ባለ ሁለት ዓሣ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ የሚሸኛት «ሁለት ዓሣዋን እንዳትረሺ» እያለ ነው። ዛሬ ጠዋትም ብሏታል።

ሮጣ መሄድ ነበረባት። አልሮጠችም። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳትከራከር ከፈለች፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት። ሰዓቷን ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ በጓሮ በኩል ቤት ገባችና አልጋዋ ስር አስቀመጠቻት።

«ምን አገኘሽ?» አላት አባቷ በምሳ ሰዓት።

«ምንም» አለች። ቃሉ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ራሷን ገረማት።

በአባቷ ሱቅ አንድ ሕግ አለ፤ ከሚሄድ ሰዓት ዕቃ አይወጣም። የሞተ ሰዓት ይፈታል፣ የሚሄድ ሰዓት ግን ዕቃ ፈላጊው ንጉሥ ቢሆንም አይነካም። ሙዚየም ይህን ሕግ የተማረችው ካቻቢቴ መጨበጥ ሳትችል ነው። ያን ቀን ከሰዓት አልጋዋ ላይ በደረቷ ተኝታ ጨረቃዋን ቁልቁል እያየች አሰበችበት። ሰዓቷ ሞታለች፤ አባቷ ዛሬ ቢያያት ዛሬውኑ ይፈታታል። ግን ሳያያት በፊት መሄድ ብትጀምርስ? ያኔ ሕጉ ራሱ ይከላከልላታል። ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። ጥገና ነው፤ ጥገና ደግሞ የቤታቸው ሥራ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ዘጋች። ትንሿን ካቻቢቴ፣ ወረንጦውን፣ የሰዓት መሙያ ቁልፍና ያለቀለት ብሩሽ ከሱቅ ይዛ ገብታ ነበር። ሰዓቷ ውስጥ የደረቀ ዘይት እንደ ሙጫ ተጣብቋል፤ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየፋቀች፣ በቤንዚን እያጠበች አስለቀቀችው። አንዷ ማርሽ ላይ ረጅም ሽበት ተጠምጥሞ አገኘች። የማን ይሆን? ሰዓት ስትሞላ ጎንበስ ያለች ሴት ታየቻት፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ተጠንቅቃ። ሽበቱን አልጣለችውም፤ የጂኦግራፊ ደብተሯ መካከል አኖረችው። ፈተና ደርሷል፤ ደብተሩ በዚያ ሳምንት የተከፈተው ለዚሁ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሞላውን ሁለት ዙር ሞላችው። አባቷ ሚዛን የሚለው፣ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ትንሽ ክብ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠና ሄደ። ቀጭን፣ ፈጠን ያለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሙዚየም ትንፋሿን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በሕይወቷ ብቻዋን ያስነሳችው የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ ደስታው ዓይኗን አስነባት። በማግስቱ ስታይ ጨረቃዋ የአንድ ማርሽ ጥርስ ያህል ከመስኮቷ ጠርዝ ወጣ ብላለች። ለማንም አልነገረችም። አንድ የሚኮሰኩስ ነገር ውስጧ ነበር፤ ሰዓቷን ባየች ቁጥር ግን ይረሳት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ ገበያ አልሄድም» አለች።

አባቷ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አነሳ። «አመመሽ እንዴ?»

«ፈተና አለብኝ።»

ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ደብተሯን ዘርግታ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች አሮጊቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። በየቅዳሜው ነው የሚመጡት፤ ዛሬ ግን እንደወትሮው ወንበር አልሳቡም።

«ልጄ፣ ሰዓቴን ስጠኝና ልሂድ» አሉ።

«እማማ፣ ትንሽ ቢታገሱኝ» አለ አባቷ ብድግ ብሎ።

«ታገስኩህ እኮ። ሰባት ወር ታገስኩህ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል፣ አልቀየምህም። እንግዲህ ቤቱ ሄዶ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ባይናገርም ይታያል።»

«ወንድምዎ እንዴት ሆኑ?»

«ምን ይሆናል፣ ያው ነው።» አሮጊቷ ግድግዳውን ተደገፉ። «ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ቀኑን የሚያውቀው በዚያ ደወል ነበር። ይቆጥራል፣ ይነሳል፣ ይላጫል፣ ሬዲዮውን ይከፍታል። አሁን ሰዓቱ እኔ ሆኜልሃለሁ። ስንት ሰዓት ነው ሲለኝ እመልሳለሁ፤ ሲያበዛብኝ እኔም እደውላለሁ።»

አባቷ ሳቀ። «የሚናገረውን ሰዓት ገዝተውላቸው አልነበር?»

«እሱንማ ማነው ቤቴ ገብቶ ትእዛዝ የሚሰጠኝ ብሎ ትራስ ውስጥ ቀበረው።» እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። «ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም አለ። ሲነቃ የነጋ መሰለው። ተጣጠበ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ቁርሱን ጠበቀ። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። መሸ እኮ ልለው አፌ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አለች ሙዚየም። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ቁርስ ሰጠሁታ» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩና ጉንጯን ዳሰስ አደረጓት። «አንቺም የኔ ልጅ፣ በፀሐይ በዝናቡ ቅዳሜሽን ሁሉ ስትፈልጊልኝ ከረምሽ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሙዚየም ዓይኗን ደብተሯ ላይ ተከለች። አሮጊቷ መድኃኒት ቤት ደርሰው እስኪመለሱ ሰዓቱ ተጠቅልሎ እንዲቆያቸው ነግረው ወጡ።

አባቷ ከመሳቢያው ጋዜጣ አወጣ፤ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሥራ አልሆን ሲለው እጁ ይከብዳል፣ ሙዚየም ታውቀዋለች።

«አባዬ» አለች።

«አቤት።»

«አንድ ነገር ላሳይህ።»

ከክፍሏ ይዛት መጣችና ፊቱ አቆመቻት። ሰዓቷ ያለ ሐሳብ ትሄዳለች። አባቷ ለማየት አልቸኮለም።

«በዚህ ቤት የሚሄዱት ሰዓቶች አስራ አንድ ናቸው» አለ። «ከሐሙስ ወዲህ አስራ ሁለት እሰማለሁ። እስክትነግሪኝ ብዬ ነው።»

ከዚያ አነሳት። ጨረቃዋን ሲያይ ከንፈሩ ላይ የልጅ ፈገግታ መጣ። ገለበጣት። ፈገግታው እዚያው ቀረ፤ ሁለቱን ዓሦች በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

«ስታገኚያት ሞታ ነበር?» አለ።

«ሞታ ነበር።»

«መቼ?»

«ያለፈው ቅዳሜ።»

አባቷ ሰዓቷን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አዳመጣት። ሙዚየም ቁጣ ጠበቀች። ቢቆጣ፣ ውለጂያት ቢላት፣ እሷም ታኮርፍ፣ ታለቅስ፣ ከዚያ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«ጥሩ አድርገሽ አጽድተሻታል» አለ። «ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። እኔ በአንቺ ዕድሜ እንዲህ አልሠራሁም።» ሰዓቷን መልሶ ፊቷ አስቀመጣት። «ሕጉን ታውቂያለሽ። እኔ ከሚሄድ ሰዓት ዕቃ አላወጣም። ያንቺ ናት።»

የአሮጊቷን ሰዓት አንስቶ ጋዜጣው ላይ አስተኛና አንዱን ጫፍ አጠፈ።

እንግዲህ ያሰበችው ሁሉ ሆኗል። ሕጉ ተከላክሎላታል፤ ማንም ጣቱን አያነሳባትም። ሙዚየም ግን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የተቀመጠውን ሰውዬ ከዓይኗ ማጥፋት አቃታት። አይታው አታውቅም። ቢሆንም አሮጌ ማንቆርቆሪያና አንድ እግር ጫማ አይታ የሰው ኑሮ የምትስል ልጅ፣ የእሱን ጠረጴዛ መሳል አልቸገራትም። እጁን ሳህኑ ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደማይናገረው መደርደሪያ ሰጥቶ ይጠብቃል። ጨረቃዋን አየቻት። ልትሞላ አምስት ስድስት ቀን ይቀራታል። ሙሉ ስትሆን ፊቷ ምን እንደሚመስል ለማየት እንዴት ትጓጓ እንደነበር ራሷ ብቻ ነው የምታውቀው።

አባቷ የጋዜጣውን ሁለተኛ ጫፍ ሊያጥፍ ሲል እጇን አስቀደመች።

«ቆይ፣ አትጠቅልለው።»

ቀና ብሎ አያት። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፣ የባለጨረቃዋን ሰዓት የጀርባ በር ከፈተች። ሞላው ሳይራገፍ ብሎን አይነካም፤ የአሮጊቷ ማርሽ ጥርሱን ያጣው ሞላ ድንገት ሲለቅ ነው። የመሙያውን ቁልፍ ሰክታ አጥብቃ ያዘች፣ ሞላውን የያዘውን መቆለፊያ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አደረገች፣ ኃይሉ ቀስ በቀስ በመዳፏ ውስጥ እንዲያልፍ ለቀቀችው። ድምፁ ሳሳ። ክፍተቱ እየራቀ ሄደ። አንዴ መታ፣ ከዚያ ሌላው መጣ ስትል ቀረ።

በሱቁ ውስጥ የሌሎቹ ሰዓቶች ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«እስኪመለሱ አይደርስም» አለ አባቷ ዝግ ብሎ።

«ወንበር እንሰጣቸዋለን።»

የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ በማሰሮ ክዳን ላይ አኖረች፣ ሁለተኛውን ፈለገች። ማርሾቹን ከያዘው ነሐስ ጥላ ስር ነው፣ በደንብ አይታይም።

«አባዬ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ፣ «መብራቱን ወደዚህ አዙርልኝ።»

አዞረላት።