ለኦፔራው የተያዘው ወንበር

ጋሽ ኢዮሲያስ አዲሱ ገበያ ባለው ቤታቸው፣ አፋቸው ቁራሽ ዳቦ እንደጎረሰ፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ከራስጌያቸው ያልተነካ ሻይ አለ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ካርታ ሚላን፣ ቬሮናና ቪየና በቀይ ተከበዋል። ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲያሠለጥኑ የኖሩት ሰው ኦፔራን በዓይናቸው ሳያዩ ቀሩ። ጎረቤት ደግሞ ፍርድ አይቸግረውም፤ «ዳቦ አንቋቸው ነው» ብሎ ጨርሷል።

ኢንስፔክተር ዘኪያ ጎንበስ ብላ አየች። ከንፈራቸው በውስጥ በኩል ቆስሏል፤ ዳቦው አልታኘከም።

«ምን ዳቦ ያንቃቸዋል? በትራስ ታፍነው ነው!» አለች በንዴት።

ኦፔራ ለማየት አብረዋቸው ወደ አውሮፓ ሊጓዙ ከነበሩት ሁለት ዘማሪዎች አንዱ፣ ሌሊሳ፣ በሌላዋ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ቁርስ የምታመጣላቸው ሩቲ ናት! ዛሬ ሁላችንም ጾም ጸሎት ላይ ነን፤ እስከ ማታ ውሃ እንኳ አንቀምስም። ዳቦውን ማን አመጣው ታዲያ?»

«እኔ ጋሼን? አታፍርም!» ሩቲ እያለቀሰች ጮኸች። አንዱ ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ቆይ!» አለችው ዘኪያ። ወጥታ ደጅ የቆመውን ጌቱን ለብቻው አነጋገረችው። የጉዞውን ዕቅድ ያወጣው እሱ ነው፤ ከተጓዦቹ ግን አልተካተተም።

«ምን የሆኑ ይመስልሃል?»

«እ... ማለቴ፣ ሁሌ ጠዋት ዳቦና ሻይ ነው ቁርሳቸው። እንደልማዳቸው ሲበሉ ነዋ፣ በቃ።»

ዘኪያ ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበች።

«ገዳዩ ሻይ አስቀምጦ ዳቦ ያጎረሳቸው ሲበሉ የሞቱ ለማስመሰል ነው። ጿሚ ማለዳ እንደማይበላ እኔም አውቃለሁ፤ ሩቲና ሌሊሳም ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዳቸው ቢሆኑ ኖሮ ይህን አያደርጉም ነበር። ይህ ጾሙን ያልሰማ ሰው ሥራ ነው። እንደነገራችሁኝ፣ ጾሙ የታወጀው ትናንት ከአምልኮ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ነው። ጾሙ ሳይታወጅ ስብሰባውን ረግጦ የወጣው ማነው?»

ሁሉም ወደ ጌቱ ዞሩ።

«ስንት ጊዜ ለፋሁ!» ሲል ጌቱ ፈነዳ። «ባቡሩን እኔ! ሆቴሉን እኔ! የኦፔራውን ወንበር እኔ! ከዚያ የእኔን ቦታ ለዚች ልጅ! ዛሬ ልጠይቃቸው ብመጣ ፈገግ አሉብኝ። ‹ተቀመጥ፣ የምነግርህ አለ› ሲሉኝ ደሜ ፈላ...»

«ሳትሰማ ገደልካቸው!» ሩቲ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «ትናንት አንተ ከወጣህ በኋላ ‹የእኔን ወንበር ጌቱ ይውሰድ፣ ራሴ ነገ እነግረዋለሁ› አሉ። የእኛ ቪዛ እኮ መጥቷል! የጾምነው የአንተም እንዲመጣ ነው!»