የደሌጌው የቀትር እንቅልፍ

ዮሳዲቅ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አገር ሰላም ብሎ የተኛ ይመስላል። አንሶላው በላብ ባይርስና ከንፈሩ ባይሰነጣጠቅ ኖሮ ኢንስፔክተር ሂንድ ራሷ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጋ «ተነሳ እንጂ፣ ሊመሽ ነው» ትለው ነበር። የስድስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። ትንሽ ቢቆይ ዶክተር ይባል ነበር። ሂንድ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የወጣት ሬሳ ግን ዛሬም ያናድዳታል። ማንን እንደምትቆጣ ሳታውቅ ትቆጣለች።

ሰኔ 2006 ዓ.ም ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ ሰኔ ማለት ዝናብ ማለት አይደለም። ውጭ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራ እየዛቀ የካርቲየ 5ን ሰፈር ያለብሳል። ክፍሉ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይፋጃል።

«ምን ትላለህ?» አለችው የፖሊሱን ሐኪም።

«የሚያስተኛ መድኃኒት ጠጥቷል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ላቦራቶሪው ያረጋግጥልናል። ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይገድለውም ነበር። ከቀትር በኋላ መብራት ሲጠፋ ቬንትላተሩ፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያው፣ ቆመ። በሩ ዝግ፣ መስኮቱም ዝግ። ሰውነቱ እየነደደ መንቃት አቃተው። የጨረሰው ሙቀቱ ነው።»

ሂንድ ወደ መስኮቱ ሄደች። የእንጨት መዝጊያው ከውስጥ በመቀርቀሪያ ተቀርቅሯል። መዝጊያውን በጣቷ እየነካካች ሳለች ስልኳ ጮኸ። ኮሚሴር ዓብዱሰመድ ነው።

«ሂንድ፣ የቤት ሠራተኛዋ ናት አሉኝ እኮ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማን እንዳለዎት አላውቅም፣ ጌታዬ። እኔ አላልኩም።»

«የቤቱ ባለቤት ብላለች። እባክሽ ዛሬ እንኳ አታድክሚኝ፤ ጫት ዘግይቶ ራሴን ሲፈልጠኝ ነው የዋለው፤ ገና አሁን መቀመጤ ነው። ልጅቷን ወህኒ አስገቢያትና ቀሪውን ዳኛ ይየው። ወረቀት እንኳ የላትም።»

«እስኪመሽ ይስጡኝ።»

«እስኪመሽ ብቻ!» ብሎ ዘጋው።

ሠራተኛዋ ሰብለወርቅ ግቢው ውስጥ ከባዶው የውኃ በርሜል አጠገብ እጇ በካቴና ታስሮ ቁጭ ብላለች። ከከሚሴ የመጣች፣ ወደ የመን ልትሻገር አስባ ጅቡቲ የቀረች ልጅ ናት። ሂንድ ያለ ወረቀት ወህኒ የገባች ሴት ምን እንደሚገጥማት ታውቃለች። ጠበቃ አይመጣላትም፤ ዘመድ አይጠይቃትም፤ ፋይሏ ከሌላ ፋይል ሥር ገብቶ ይረሳል። ዛሬ ማታ ከዚህ ግቢ ታስራ ከወጣች አለቀላት።

«ስሚኝ እህቴ» አለቻት ሂንድ በእናቷ የድሬዳዋ አማርኛ። «ምሳ ምን ሰጠሽው?»

ሰብለወርቅ ቀና አለች። አማርኛውን ስትሰማ እንባዋ መጣ። «ምስር ወጥ ነው፣ እመቤቴ። ረቡዕ አይደል፤ እሱ ይጾማል። ለሌሎቹ በሥጋ ነው የሠራሁት።»

«የተረፈውን የት ደፋሽው?»

«ምን አስደፋኝ? እኔም ጾመኛ ነኝ። እሱ ከበላበት ሳህን፣ ከዚያው ላይ ጠርጌ በላሁት።»

«ውሸቷን ነው!» አለች ከበረንዳው ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ለተማሪዎች ክፍል የምታከራየው የቤቱ ባለቤት። «ትናንት ሸሚዙን በካውያ አቃጥላበት ተቆጥቷታል። ቂም ይዛ ነው! ሳህኑ ለብቻ፣ ወጡ ለብቻ፤ ከእሷ ሌላ ማን ይነካዋል?»

«እትዬ እልፍነሽ፣ ልጁን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ምነው እጄን በቆረጠው!» ወይዘሮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አሥር ሰዓት ላይ ቀስቅሱኝ ብሎኝ ነበር የተኛው። ሌላው ተከራዬ ባንቲሁን ደግሞ ሲወጣ ‹እማማ አይድከሙ፣ ተመልሼ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ› አለኝ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። የጫቱ መኪና ጡሩምባ ሰፈሩን ሲያናውጠው ጊዜ ‹ልጄን አስረፈድኩት› ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ባንኳኳ ዝም። ስገባ…» መጨረስ አቃታት።

«መስኮቱ ሁልጊዜ ይዘጋል?»

«በዚህ ሙቀት? ማን አብዶ!»

«ጠዋት ጠርጌ ስወጣ ክፍት ነው የተውኩት» አለች ሰብለወርቅ በቀስታ። «ከምሳ በኋላ እትዬን እዚሁ ግቢ ሳራግባቸው ነው የዋልኩ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ይህን ልትክድ ፈልጋ ነበር፤ ቢሆንም የእጅ ማራገቢያው ገና እግሯ ሥር ወድቋል።

ሂንድ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቧንቧውን ብትከፍተው ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። የምሳው ሳህንና ድስት ሳይታጠብ ገንዳው ውስጥ ተከምሯል፤ ዝንብ ወሮታል። ከክምሩ ጎን አንድ ብርጭቆ ብቻ ንጹሕ ሆኖ በአፉ ተደፍቷል። አጠገቡ ባዶ የኃይላንድ ጠርሙስ አለ። ሂንድ ብርጭቆውን በመሐረብ አንስታ አሸተተችውና ለሐኪሙ ሰጠችው።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የዮሳዲቅ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፈረንሳይኛና አማርኛ ተደባልቆበታል። *ረቡዕ፦ የምደባ ዶሴ የመጨረሻ ቀን፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። እሑድ፦ ክትባት፣ ካርዳችሁን አትርሱ። ማክሰኞ፦ የቃል ፈተና። ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ!* ጅቡቲ ውስጥ እሑድም የሥራ ቀን ነው። ከሰሌዳው ሥር ነጃት ተቀምጣለች። የክፍል ጓደኛው ናት፤ ዶሴዋን ልትሰጠው መጥታ እዚሁ ምሳ በልታ ሄዳ ነበር፤ ወሬውን ስትሰማ ተመለሰች።

«ይህ ሁሉ ማስታወሻ ምንድን ነው?» አለቻት ሂንድ።

«ደሌጌያችን ነበር እኮ፤ የክፍሉ ተጠሪ። ፈተና መቼ እንደሆነ፣ ምን መቼ እንደሚዘጋ እሱ ነው የሚያስታውሰን። ሲሰለቸንም ‹የጡሩምባ መኪና› እያልን እናሾፍበት ነበር።» ፊቷን ሸፈነች። «የሁላችንንም የሆስፒታል ምደባ ዶሴ ሰብስቦ አንድ ላይ የሚያስገባው እሱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከተማሪ በግል አይቀበልም። ዛሬ ሊወስደው ነበር።»

«ካልወሰደውስ?»

«ካልወሰደው ክፍሉ በሙሉ አለቀለት ማለት ነዋ! ወይ ሠላሳ ተማሪ ይጥላሉ፣ ወይ ቀኑን ያራዝማሉ።»

«አንቺና እሱ ለአንድ ቦታ ትፎካከሩ ነበር ይባላል።»

«ለቀዶ ሕክምና ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ሁለታችንም ፈልገነዋል። ግን የኔም ዶሴ እሱ የሰበሰበው ክምር ውስጥ ነው፣ ኢንስፔክተር። እሱን አስተኝቼ የራሴን ጉሮሮ ልዘጋ?»

«ከምሳ ጋር ምን ጠጣ?»

«የሎሚ ጭማቂ። ባንቲሁን ነው ያመጣለት። ‹ሁለት ቀን ተረኛ ሆነህ ደክመሃል፣ በርታ› ብሎ።»

ባንቲሁን የሟቹ የክፍል ጓደኛና የቤቱ ሌላ ተከራይ ነው። ጉልበቱን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልቅሶው የእውነት ነው። ሂንድ አጠገቡ ስትቀመጥ ከሸሚዙ የሆስፒታል አልኮል ሸተታት።

«ሎሚውን ማን ጨመቀው?»

«ሰብለወርቅ። እኔ ተቀብዬ ነው የሰጠሁት።»

«መቼ ተለያችሁ?»

«ከምሳ በኋላ። የጫቱ ጡሩምባ ሲሰማ ልወጣ ተነሳሁ። ያኔ ነቅቶ ነበር፣ ደህና ነበር፤ ‹በሩን ዝጋልኝ› አለኝ። ከጫት ሻጯ ከሐዲጃ ጠረጴዛ አንድ እስር ገዝቼ ባሕሩ ዳር ሳጠና ዋልኩ። ምነው በቀረሁ…»

«ዶሴህስ?»

«ከሳምንት በፊት ሰጥቼዋለሁ።»

ሂንድ ራሷን ነቀነቀችና ተነስታ ሁለት ስልክ ደወለች፤ አንዱ ወደ ሆስፒታሉ፣ አንዱ ወደ ትምህርት ቤቱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ፋኢዛም መጥታለች፤ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሰብለወርቅ በካቴና እንደታሰረች ቆማለች። ወደ በሩ ታያለች፤ የሚወስዳት መኪና የመጣ እየመሰላት።

«ከምግቡ ልጀምር» አለች ሂንድ። «ምስሩ ንጹሕ ነው። ሰብለወርቅ ከዚያው ሳህን በልታ እንቅልፍ ሳያሸንፋት እትዬ እልፍነሽን ስታራግብ ውላለች። ሎሚውን ግን የጠጣው እሱ ብቻ ነው። ብርጭቆው ደግሞ ታጥቧል። ውኃ በሌለበት ቤት፣ ሳህንና ድስት እንዳለ ተቀምጦ፣ አንዲት ብርጭቆ በኃይላንድ ውኃ ታጠበች። የሰብለወርቅ ሥራ ቢሆን ሁሉንም ታጥባለች ወይ ሁሉንም ትተዋለች። አንድ ብርጭቆ ብቻ የሚያጥብ ሰው ብርጭቆውን የሚፈራ ሰው ነው።»

ሂንድ ወደ ዮሳዲቅ ክፍል መስኮት ጠቆመች።

«ቀጥሎ መስኮቱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር። መርዞ የሚገድል ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል? በኋላ ገባኝ። የዘጋው ሰው መግደል አልፈለገም። እንዳይነቃ ነው የፈለገው። በዚህ ሰፈር የተኛን ሰው ከቀትር በኋላ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው?»

«የጫቱ ጡሩምባ» አለች ነጃት ሳታስበው።

«አዎ። ያ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘጋ። የዘጋው ሰው ቬንትላተሩ እየዞረ ትቶት ሄደ፤ መብራት የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ማን ጠላው ብዬ አይደለም። ዮሳዲቅ እስከ ማታ ቢተኛ የሚጠቀመው ማን ነው? እትዬ እልፍነሽ ሊቀሰቅሱት ቃል ገብተዋል። ነጃት ዶሴዋ እንዲደርስ ትፈልጋለች። ሰብለወርቅ ዶሴ ምን እንደሆነም አታውቅም። የሚጠቀመው ዶሴው ያላለቀ ተማሪ ነው። አንድ ተማሪ ቢዘገይ ራሱ ይወድቃል፤ ክፍሉ በሙሉ ቢዘገይ ግን ቀኑ ይራዘማል።»

ባንቲሁን ቀና ብሎ አላያትም።

«ባንቲሁን፣ ጡሩምባው ሲነፋ ዮሳዲቅ ነቅቶ ነበር አልከኝ። በሌላ ቀን ቢሆን አምንህ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚነፋው ምሳ እንዳበቃ ነው። ዛሬ ግን ጫቱ ዘገየ። ከተማው ሁሉ በር በር እያየ ተበሳጭቶ ዋለ፤ አለቃዬ ራሱን አመመው። ጡሩምባው የተነፋው እትዬ እልፍነሽ በሩን ሊያንኳኩ ሲነሱ ነው። ያኔ ዮሳዲቅ ሞቶ ነበር። ይህን የማያውቅ የጅቡቲ ሰው ቀኑን ሙሉ ከመንገድ ርቆ የዋለ ነው። ወደ ሆስፒታሉ ደውዬ ነበር። ዎርድ ውስጥ የጎደለህን ፊርማ ፍለጋ ከሐኪም ሐኪም ስትሮጥ ነው የዋልከው።»

«አንድ የሕፃናት ክፍል ፊርማ ብቻ ነው የጎደለኝ» አለ ባንቲሁን። «ሐኪሙ ዛሬ ነገ እያለ አንከራተተኝ። አምና አንድ ዓመት ደግሜያለሁ፤ ሁለተኛ አይፈቀድም። አባቴ ድሬዳዋ ላይ ለሰው ሁሉ ‹ልጄ ዶክተር ነው› ብሎ ጨርሷል። የእንቅልፍ መድኃኒት ጥቂት ጠብታ ነው ሎሚው ውስጥ ያደረግኩበት። እንዲተኛ ብቻ ብዬ! መብራቱ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም… እኔ እኮ እወደዋለሁ!»

«አምንሃለሁ» አለች ሂንድ። ቁጣዋ አሁን ባለቤት አገኘ። «እስከዚያ ድረስ ያለው ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይህች ልጅ ታስራ እያየህ ‹ሎሚውን እሷ ጨመቀችው› አልከኝ። እሱ ስሕተት አይደለም።»

የሰብለወርቅን ካቴና ፈታች። ልጅቷ የቀላ አንጓዋን እያሸች መሬት ላይ ዘፍ አለችና እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ወይዘሮ እልፍነሽ ልታነሳት ጎንበስ ብትል ክንዷን መነጨቀቻት።

ፋኢዛ መነጽሯን አውልቃ ባንቲሁንን አየችው።

«ባንቲሁን ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ዮሳዲቅ ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ‹አንድ ጓደኛዬ ፊርማ ጎድሎታል፣ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው› ብሎ ቆሞ ለመነኝ። እንቢ ብለው አይሄድም። የአንተን ዶሴ ለብቻው እስከ እሑድ እንዲያመጣ ፈቀድኩለት።»

ባንቲሁን ወደ ነጃት ዞረ። «አልነገረኝም» አለ። «ምሳ አብረን በላን እኮ። ለምን አልነገረኝም?»

ነጃት ናት የመለሰችለት፤ እያለቀሰች።

«እኔ ነበርኩ አይደል ምሳው ላይ? ዶሴህ አለማለቁን እኔ እንዳልሰማብህ ነዋ። ተኝቶ ሲነሳ ለብቻህ ሊነግርህ ነበር።»