የእትዬ ጥሩነሽ ምድር ቤት ወይን

እኔ ሰይድ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፣ የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ «ገመዱ የት ጋ ነው የተላጠው?» ብዬ የምጠይቅ ሰው። ጂን መኖሩን ቁርአኑ ነግሮናል፣ እሱን አልክድም፣ ግን አዋሽ ሰባት ድረስ መጥቶ ከእኔ ጋር ያወራል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጠጥ ደግሞ በአፌ ዞሮ አያውቅም፣ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ትንሽ ሆቴል አላቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ፣ ልጃቸው ሰላም የተወለደች ዓመት ሠላሳ ጠርሙስ ቀይ ወይን ገዝተው ከሆቴሉ ሥር ባለው ምድር ቤት አጋደሙት፣ «ለሰርጓ ይደርሳል» ብለው። ሰርጉን ግን ሳያዩ ሞቱ።

ወይን ሲቆይ ኮምጣጤ የሚሆን ነበር የሚመስለኝ፣ ያስረዱኝ እትዬ ናቸው። «ይሄኛው ከልጣጩና ከፍሬው የወጣ ምላስ የሚያስር ነገር አለው፣ ልክ እንደ ጥሬ ሙዝ። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ሳይነቃነቅ ሲተኛ ያ ነገር እየተያያዘ ይከብድና አተላ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ወይኑም ይለሰልሳል። ተፈራ በሞተ በዓመቱ አንዱን ብከፍተው ድዴን ይዞ አልለቅ አለኝ!»

ሰርጉ እሁድ ነው፣ የሙሽራው ወገኖች ስለ ወይኑ ሰምተዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ብሷል። «ሰይዴ፣ እንዳይበላሽብኝ ማቀዝቀዣ ግጠምልኝ» ብለው ማክሰኞ ጠሩኝ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ወረድኩ፣ ውጭ አስፋልቱ የሚቀልጥበት ሰዓት ነው፣ ታች አንዲት አምፖል ብቻ። ግድግዳውን ስለካ ከጥግ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ወጥ ቀምሶ ምላሱን እንደሚያጮኸው። እንሽላሊት ነው አልኩ። ደገመው፣ ከዚያ «እህም» አለ። እንግዲህ እንሽላሊት «እህም» እንደማይል እኔም አውቃለሁ፣ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ።

መደርደሪያው መንገድ ዘግቶብኝ አንዱን ጠርሙስ በአንገቱ ሳነሳው፣ «ቀስ! አተላው ይነሳል» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ።

እመኑኝ፣ የሆቴሉ ዘበኛ መስሎኝ «እሺ ጋሼ» አልኩና እንደ አራስ ልጅ አቅፌ አሻገርኩት።

«አጋድመው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ።»

«እሺ ጋሼ።»

ወላሂ አሥራ ሁለት ጠርሙስ በእሳቸው ትዕዛዝ አሻገርኩ! መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ እስቲ መሰላሉን ይያዙልኝ» ብዬ ስዞር ማንም የለም፣ አቧራው ላይም ከእኔ ጫማ በቀር ዱካ የለም።

የመሣሪያ ቦርሳዬን አንስቼ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። «እትዬ፣ ታች ያሉት ሽማግሌ ማን ናቸው?»

«ማንም የለም፣ ያለው አንድ ቁልፍ ነው፣ እሱንም ለአንተ ሰጠሁህ።»

የሆነውን ስነግራቸው ራሳቸውን ይስታሉ ብዬ ነበር። አማተቡ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉና «ደርሷል አለህ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ወይኑ ነዋ! ውረድና ጠይቅልኝ።»

«እርስዎ ይጠይቋቸዋ፣ ባለቤትዎ አይደሉ!»

«እኔንማ ያለጊዜው በመክፈቴ ተቀይሞኛል፣ አያናግረኝም» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለልጁ ያስቀመጠው ነው ሰይዴ፣ ሰው ፊት እንዳላዋርደው።»

እንባ አልችልም። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ሸሚዜን ከኋላ ጨብጠው ወረድን። «ጋሼ» አልኩ፣ «እትዬ ለሰላም ሰርግ ደርሷል ወይ ይላሉ።»

ከላይ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ቤቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፣ ድምፁ ሲርቅ ከጥጉ «ጷ!» አለ። በሞባይሌ ባበራ አንድ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቡሹ አጠገቡ ተቀምጧል፣ አንገቱ ላይ ያለው የስንት ዓመት አቧራ ግን ጣት አልነካውም።

እትዬ በችኮላ ሲቀዱ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ደፉት፣ ወይኑ ሐምራዊነቱ ጠፍቶ የሸክላ መልክ ይዟል። ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ለስልሷል» አሉ ወደ ጥጉ ዞረው፣ «ተፈራ፣ ለስልሷል።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዘሃራ ገና ከበር አሸተተችኝ። «ሰይድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጋሽ ተፈራ ወይን ነው፣ ሳይደርስ አትክፈቱ ብለው…»

«ጋሽ ተፈራ አልሞቱም እንዴ?»

«ሞተዋል።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም፣ አልፈርድባትም።

ሰርጉ አምሮ አለፈ ሲሉ ሰማሁ፣ እኔ ግን እትዬን አጠገቤ አቁሜ ማሽኑን ግድግዳው ላይ ከሰቀልኩ በኋላ፣ ገና ቅዳሜ ሰመራ የፍሪጅ ሥራ አገኘሁ ብዬ ጠፋሁ። ትናንት እትዬ ደወሉ። «እጅህ ይባረክ ሰይዴ! ያ ማቀዝቀዣ ምን ዓይነት ነው? ለተረፉት ጠርሙሶች ብዬ ብገባ ጥርሴ ተንገጫገጨ።»

ምን ልበላቸው? ማሽኑን እኮ ከመብራት ጋር አላገናኘሁትም፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እዚህ ሰመራ። ይህን ስጽፍላችሁ እንኳ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

«መጥተህ እየው እንጂ» አሉኝ እትዬ፣ «ሹራብ ግን ደርብ።»