የእርሾው ምስክርነት

ሽማግሌው ተመራማሪ መስኮት በሌለው የሥራ ክፍላቸው ተደፍተው የተገኙት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ማጅራታቸውን በብረት ተመትተዋል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ገላቸው ግን ገና ይሞቃል። ሐኪሙ ይህን አይቶ ከሞቱ ሁለት ሰዓት ቢሆናቸው ነው አለ።

በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበረችው የላቦራቶሪ ረዳታቸው፣ ላቦራንቷ ብቻ ናት። ምክትላቸው ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ከተማው ማዶ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሬሳውን ያገኘውም ከዚያ ሲመለስ ነው። ዘበኛው ቀኑን ሙሉ ከበሩ ንቅንቅ እንዳላለ ካሜራው መስክሮለታል።

የፖሊስ አዛዡ ልጅቱን አሳሰራት። መርማሪዋ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እመኚና ይቅለልሽ ይሉኛል» አለች ላቦራንቷ። «ጋሼን አልገደልኩም። ያላደረግኩትንም አላምንም።»

መርማሪዋ ስለ ሥራቸው ጠየቀቻት። ልጅቱም ፕሮቲን ሲሠራ እንደ ረጅም ክር መሆኑን፣ በወጉ ካልታጠፈ ለምንም እንደማይረባ ነገረቻት። በሕዋሱ ውስጥ ክሩ እንዳይተበተብ ይዘው የሚያሳጥፉት ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ጋሼ «ሞግዚቶቹ» ይሏቸው ነበር።

«ሙቀት ቢበዛስ?»

«የታጠፈው መፈታታት ይጀምራል። ሕዋሱም ሞግዚቶቹን ያበዛል።»

መርማሪዋ ብድግ አለች። ክፍሉን ስትፈትሽ ሬሳው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሽማግሌው ሕዋሱን የሚያጠኑበትን የእርሾ ጠርሙስ አንስታ በረዶ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ያንን ጠርሙስና ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ክፍል ያገኘችውን መንትያውን ለሌላ ላቦራቶሪ ላከች። አዛዡ ለእርሾ ብሎ መዝገቡን እንደማያዘገይ ሲነግራት፣ «እንግዲያው እኔንም ያሰናብቱኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ሬሳው በተገኘበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የማዶው እርሾ ደህና ነው። የዚህኛው ሞግዚቶች ግን እጥፍ ድርብ ሆነዋል። ይህ ክፍል ለሰዓታት እንደ ምድጃ ግሎ ነበር፤ ሬሳው ያልቀዘቀዘውም ለዚህ ነው። ሰውየው የሞቱት ረፋዱ ላይ ነው።»

«ራሳቸው ማሞቂያ አብርተው ይሆናል» አለ ምክትሉ።

«ጠርሙሱ ላይ በእጃቸው ‹እንዳይሞቅ› ብለው ጽፈዋል። ልጅቱ ገድላ ቢሆን ኖሮ፣ ክፍሉን ማሞቅ ሞቱን እሷ ብቻዋን ወደነበረችበት ሰዓት አምጥቶ ራሷን ማሳሰር ይሆንባት ነበር። ሞቱ ከአምስት ሰዓት በኋላ እንዲመስል የፈለገ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሰዓቱ ራሱን የሚያጠፋውን፣ ከስብሰባ ተመልሰው ሬሳውን ‹ሲያገኙ› ያነሱትን ማሞቂያም ከእርስዎ ቁምሳጥን አግኝተነዋል።»

ከዚያ ከሟቹ መሳቢያ የተገኘውን፣ ገና ያልተላከ ደብዳቤያቸውን አነበበች። የምክትሉ የጥናት ውጤት ከራሱ የፈጠረው እንደሆነና ይህንኑ ይፋ እንደሚያደርጉ ጽፈዋል። ሙከራውን ሳይሠራ እርሾውን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቀው ምክትል፣ እርሾው ሙቀቱን መዝግቦ እንደሚያስቀምጥ አላሰበም።

«ስሜን ሊያጠፉት ነበር» አለ ምክትሉ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ።

ኮሪደሩ ላይ ላቦራንቷን ነፍሰ ገዳይ ብለው የሰደቧት ባልደረቦቿ ቆመው ይጠብቃሉ። አዛዡ ዓይኗን ሳያይ፣ በጓሮ በር ብትወጣ እንደሚሻል ነገራት።

«በጓሮ የሚወጣ ያጠፋ ሰው ነው» አለች። ጋዋኗን ቆልፋ በመካከላቸው አለፈች፤ መንገድ ለቀቁላት።